በየማረፊያው ወራጅ አለ

ሰኞ፣ በ4

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የልብ ክሊኒኳ ሲስተር ናት። «እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት የጋሼን ግፊትና የልብ ምት ይጻፉልኝ። ካዞራቸው ይጻፉ፤ ከተንገዳገዱ ይጻፉ፤ ከወደቁማ መጻፉን ትተው ይደውሉልኝ» አለችኝ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስለወደቀ ነው። ልቡ ሦስት ዓመት ሆናት ምቷን እያዛባች ስታስቸግረው፤ ለእሱም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል። ያን ዕለት የተላጠው ክርኑ ብቻ ነው። ሲስተር ግን ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ደግሞ ቢወድቁና ጭንቅላታቸው ቢመታ ደሙ በቀላሉ አይቆምም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ የሚያድረው መታጠቢያ ቤት ነው።

ልጄ ደግሞ የራሷን አዋጅ አውጃለች። «አባዬ አንድ ጊዜ ከደገመ ሁለታችሁም እኔ ቤት ትገባላችሁ፣ አለቀ!» ልጄን እወዳታለሁ። ቤቷ ውስጥ ግን የስፌት መኪናዬ የምትቆምበት ጥግ የለም፤ እኔ ደግሞ እስከ 27 አርባ ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም ማድረስ አለብኝ። ስለዚህ ሰውዬው አይወድቅም። ወስኛለሁ።

የደብተሩ የፊት ገጽ የእሱ ነው። እኔ ከኋላ በኩል ጀምሬያለሁ፤ ደብተር ከኋላ የሚያነብ ሰው የለም።

ረቡዕ፣ በ6

ምንጣፎቹ ተጠቅልለው አልጋ ሥር ገቡ። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መደገፊያ ተተከለ። ሾፌሩ መደገፊያውን ጨበጠና፣ «አሁን ገና አውቶቡስ መሰለ! ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ። ባለቤቴን ሾፌሩ ነው የምለው። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ሌላ ስም ቢጠሩት አይዞርም። እኔን ደግሞ ረዳት ይለኛል።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ሾፌሩ ከወደቀ ወዲህ አዲስ አመል አምጥቷል። የደረጃው ማረፊያ ላይ በደረስን ቁጥር «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮህና ግድግዳ ተደግፎ ቀጥ ይላል። ሁለተኛ ፎቅ ወራጅ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ወራጅ አለ። የሚወርድም የሚሳፈርም የለም እኮ! እኔ እንዳያፍር ብዬ አብሬው እቆማለሁ። ጫማዬን አስተካክላለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ እፈልጋለሁ፤ ቁልፉ እጄ ላይ ሆኖም እፈልጋለሁ።

ብቻዬን ብሆን በአንድ ትንፋሽ ነበር የምወጣው። እርግጥ ትናንት ብቻዬን ስወጣ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀምጬ ነበር። የሰዎቹን አበባ ላይ ብዬ ነው። አበባው የፕላስቲክ ነው፤ ግን ያምራል።

ቅዳሜ፣ በ9

የሾፌሩ፦ 128 በ78፣ ምት 74። ከፊት ተጽፏል።

መለኪያው በትክክል መሥራቱን ለማየት በራሴ ክንድ ሞከርኩት። ምት 39። ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን እየነገረኝ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ቀንሶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ደገምኩት፤ 40። ይህ መለኪያ አንዱን እየቆጠረ አንዱን ይውጣል ማለት ነው። ወደ ፋርማሲው እመልሰዋለሁ።

አሥራ አንድ ዩኒፎርም አልቋል።

እሁድ፣ በ10

ልጄ መጣች። ገና ከበሩ፣ «እማዬ፣ ምነው? አመድ መሰልሽ እኮ!»

«የጨርቅ ብናኝ ነው» አልኳት።

ከምሳ በኋላ ሳህን ይዤ ወደ ኩሽና ስሄድ ከአባቷ ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። «ንገራታ!» ትለዋለች። «ብነግራት የምትሰማ ይመስልሻል? እናትሽን አታውቂያትም? ቀስ ብዬ ነው የምይዛት» ይላል እሱ። ስገባ አንዷ ብርጭቆ ትወለውላለች፣ አንዱ መስኮት ያያል።

ገባኝ። ቤት ሊያስቀይሩኝ እየዶለቱ ነው። ቀስ ብሎ ይይዘኛል! እኔ እንቁላል ነኝ?

ለራት ሾርባውን ያለ ጨው ሰጠሁት። ለነገሩ ጨው ከተከለከለ ቆይቷል፤ የዛሬው ግን በክፋት ነው።

ማክሰኞ፣ በ12

ፋርማሲ። ልጁ መለኪያውን በራሱ ክንድ አሰረ፤ 81። እንደገና፤ 80። «እማማ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም። እስቲ በእርስዎ እንየው» አለኝ።

«እኔ ምን በወጣኝ! የታመመው ባሌ ነው» ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ለማንኛውም በሌላ ቀየረልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ በር ድረስ ሸኘኝ። «እማማ፣ ትንሽ ይቀመጣሉ እንዴ?» ሲለኝ ትዝ አለኝ፤ ለካ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር።

አርብ፣ በ15

ቸኩያለሁ። ሃያ ሦስት አልቋል። ለአንድ ሸሚዝ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፋሁ! አርባ ዓመት ሙሉ ያላደረግኩትን። ፈታሁት።

የመኪናዬ መርገጫ ከብዷል። ዘይት አጠጣኋት። አሁንም ከባድ ነው። ሾፌሩ መጥቶ ረገጥ ረገጥ አደረገና፣ «ቅቤ ናት እኮ» አለ። እሱ ስለ ስፌት መኪና ምን ያውቃል።

ሰኞ፣ በ18

የሾፌሩ ምት 72። የኔ በአዲሱ መለኪያ 38። እነዚህ ዕቃዎች ተማክረዋል።

ጠዋት ከወንበሬ ስነሳ ክፍሉ ትንሽ ዞር አለብኝ፤ ጠረጴዛውን ይዤ ተቀመጥኩ። መውደቅ አይባልም። ፈጠን ያለ መቀመጥ ነው። ይህን ከፊት ገጽ መጻፍ አያስፈልግም፤ የፊቱ ገጽ የእሱ ነው።

ከሰዓት ራዲዮ መጣች። ራዲዮ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ በዚህ ሕንፃ ድመት ብትወልድ ከድመቷ በፊት የምታውቀው እሷ ናት። ቀሚሷን እስካሳጥርላት ቁጭ ብላ ታየኛለች። «አንቺ ሰው፣ ባልሽን እያስታመምሽ አንቺ ነሽ እንዴ የምታልቂው?» አለችኝ።

«አፍሽን ቁርጥ ያርገው» አልኳትና መርፌ በአፌ ያዝኩ። መርፌ በአፉ የያዘ ሰው መልስ አይጠየቅም፤ የሙያው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ሐሙስ፣ በ21

የሾፌሩ ቀጠሮ ነበር። ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አስኬደችው፤ ያለ እጁ ድጋፍ ከወንበር አስነሳችው፤ ተኝቶም ቆሞም ለካችው። «ጋሼ፣ ጎበዝ! ሲነሱ ያዞርዎት የነበረው አንደኛው ኪኒን በዝቶብዎት ነው፤ ዶክተሩ ቀንሶልዎታል። ደረጃ ሲወጡስ ይደክምዎታል?»

«ኧረ እኔን አይደክመኝም» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አላስቻለኝም። «ሲስተር፣ እንዳይሰሙት! በየማረፊያው ሳይቆም የሚወጣው ደረጃ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም አንተ ሰው?»

ሲስተር እሱን አየችው። እሱ ጣሪያውን አየ። «እኔ የምቆመው ለወራጅ ነው» አለ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ፊት አላማረኝም» ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ። «ማዶ ያለው ክፍል ልብዎን በማሽን ያነሱዎታል። ዛሬውኑ፤ አሁኑኑ።» ሾፌሩ መድኃኒቱን ሊቀበል ሄደ፤ እኔ ማዶ ተሻገርኩ። ሰልፉ በሩን አልፎ ደረጃው ጋ ደርሷል። አሥራ አንድ ዩኒፎርም ይቀረኛል። አምስት ደቂቃ ቆምኩ፤ ከዚያ ተመለስኩ።

«እህ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ተነሳሁ። እንደ ወጣት ነሽ አሉኝ።»

ደስ አለው። እንዴት ደስ እንዳለው! እስከ ቤት እያፏጨ ሄደ። ይህን ያህል ደስ ይለዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወረቀቱን የአዝራር ጣሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ዩኒፎርሙን ባስረከብኩ ማግስት እሄዳለሁ።

ደረጃው ላይ ግን አሁንም ቆመ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ። «ሲስተር ፊት ፈረስ፣ ቤትህ ስትደርስ ኤሊ» አልኩት። ሳቀ።

እሁድ፣ በ24

ሾፌሩ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ጊዜ አለኝ። የማልጽፈውን ልጻፍ።

እሱ የወደቀ ዕለት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ዱብ ሲል ሰምቻለሁ። ሰምቼ ግን የያዝኩትን ስፌት ጫፍ አድርሼ ነው የተነሳሁት። አንድ ስንዝር ብትሆን ነው። ሳሙና ይሆናል፣ ባልዲ ይሆናል ብዬ። ስደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ክርኑን ይዞ፣ «ረዳት፣ ዘገየሽ» አለኝ እየሳቀ። እሱ ረስቶታል። እኔ ያቺን አንድ ስንዝር አልረሳኋትም። ልጄ «አባዬን ምነው እንደ ፖሊስ ተከተልሽው?» ትለኛለች፤ ለዚህ ነው የምከተለው። ጭንቅላቱን መትቶት ቢሆንስ? ደሙ እየፈሰሰ እኔ የሰው ልጅ ኮሌታ እጨርሳለሁ!

ሌላም አለ። እንበልና መለኪያዎቹ እውነታቸውን ቢሆንስ? ማታ ስተኛ ልቤን አዳምጣታለሁ። አንድ ጊዜ ትመታለች፤ ከዚያ ቆይታ፣ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ፣ ደግማ ትመታለች። የመኪናዬ ቀበቶ ሲላላ እንዲህ ነው፤ እግር ይረግጣል፣ መርፌዋ ዘግይታ ትወርዳለች።

ግን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ከወደቀ ማን ማንን ያነሳል? አንዳችን መቆም አለብን፤ የመቆም ተራው የኔ ነው። እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ሞትን አይደለም። እኔ ወድቄ፣ ይህ ሰውዬ ሊያነሳኝ ሲጎነበስ ተደፍቶ እንዳይቀርብኝ ነው የምፈራው።

ነቃ። «ረዳት፣ ሻይ የለም እንዴ በዚህ መስመር?» እያለ ነው። መጣሁ።

ማክሰኞ፣ በ26

አርባ ሁለት! አለቀ! እሰይ!

ነገ ጠዋት እሱ ሳይነሳ ጥቅሉን ይዤ እወርዳለሁ። ካየኝ ካልተሸከምኩ ብሎ ችክ ይላል፤ ከዚያ «አፈር ስሆን ተው» እያልኩ ስለምነው ልውል ነው። በሩን ቀስ አድርጌ።

ሰኞ፣ በ2፣ ሆስፒታል

«አልወደቅኩም» ብዬ ልጀምር ነበር። ወደቅኩ።

ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስወርድ። ጥቅሉን ማቀፌ ትዝ ይለኛል፤ የመብራቱ መጥፋት ትዝ ይለኛል። መብራቱ አልጠፋም ነበር አሉ። የጠፋሁት እኔ ነኝ። ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰንጥቋል፤ ይህን በግራዬ እየጻፍኩ ነው፤ ጫጭሬ ብጽፍ አይፈረድብኝም። ጭንቅላቴ ያረፈው ግን ዩኒፎርሙ ላይ ነው። አርባ ሁለት ሸሚዝ፣ አርባ ሁለት ቁምጣና ቀሚስ። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፤ የራሴን ትራስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሰፋ ከርሜያለሁ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። የልቤ የላይኛው ክፍል የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ወደ ታችኛው ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው አለችኝ። ለዚህ ነው ምቴ ሠላሳ ስምንት የነበረው። ለዚህ ነው ትንፋሽ ያጠረኝ፣ ክፍሉ የዞረው፣ መርገጫው የከበደው። የመለኪያዎቹን ስም በከንቱ አጥፍቻለሁ። አርብ ዕለት በደረቴ በኩል፣ ከአንገቴ አጥንት ዝቅ ብሎ፣ ፔስሜከር የምትባል ትንሽ ዕቃ አስገቡልኝ። ልቤ ስትዘገይ ጎሸም ታደርጋታለች። በላዩ ላይ የሰፉትን አየሁት። ክሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ተቻኩለዋል። ለዶክተሯ ነገርኳት፤ እየሳቀች ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ራዲዮ ልትጠይቀኝ መጣች። ያገኘችኝ እሷ ናት፤ ሰበር ዜና እደጃፏ ድረስ ወድቆላት። ዩኒፎርሙንም ለትምህርት ቤቱ ያደረሰችው እሷ ናት፤ ውለታዋን እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም። «እኔስ የገረመኝ ባልሽ!» አለችኝ። «ስጮህ ሰምቶ ከአራተኛ ፎቅ በረረ እኮ። ጎረምሳ እንኳ እንዲያ አይወርድም። አንድ ማረፊያ ላይ ቆሞ ትንፋሽ አልሳበም!»

«አንድም ቦታ አልቆመም?»

«ለምን ይቆማል? ሁልጊዜም ብቻውን ሲሆን እኮ እንዲያ ነው። ጋዜጣ ሊገዛ ሲወጣ ሲገባ በሬ ላይ ሽው ነው የሚለው። አንቺ ስትኖሪ ነው እንጂ የሚያዘግመው።»

ከመልስ የሚያስጥለኝ መርፌ አፌ ውስጥ አልነበረም።

ሐሙስ፣ በ5

ሾፌሩ በየቀኑ ይመጣል፤ ወንበሩን አልጋዬ ሥር አስጠግቶ ይቀመጣል። ልጄ ጠዋት የአዝራር ጣሳዬን ስትከፍት የሲስተርን ወረቀት አግኝታለች። አልተቆጣችኝም፤ አለቀሰች። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

እሷ ስትወጣ ጠየቅኩት። «ደረጃው ላይ የምትቆመው ማን ስለደከመው ነው?»

ጣሪያውን አየ።

«ጣሪያውን ተወውና እኔን እየኝ!»

«እኔ እኮ» አለ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት የነዳሁት ስፖኪዮ እያየሁ ነው። ከኋላ የቆመ ሰው ሲዝል ሳይናገር አውቃለሁ። እጁ ብረቱን የሚይዝበት አያያዝ ይለወጣል። አንቺ ክረምቱ ሳይገባ ጀምሮ የደረጃውን ብረት እንደዚያ ትይዣለሽ።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ሁለቴ ነገርኩሽ። አንዴ ጫማሽ ጠበበ፤ አንዴ የዕድሜ ነው አልሽ። ከዚያ እኔ ወደቅኩ፤ ከወደቅኩ በኋላማ ዓይንሽ ከእኔ ሌላ ምንም አላይ አለ። አንቺ ለራስሽ አትቆሚም። ለእኔ ከሆነ ግን ትቆሚያለሽ።»

ልቤ ተላወሰ፤ ፔስሜከሯም መሰለኝ። «ያን ሁሉ ጊዜ እንዳያፍር ብዬ ጫማዬን የማስተካክለው...» ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «ቁልፍ እጅሽ ላይ ይዘሽ ቁልፍ ትፈልጊ ነበር።»

ሳቅን። የተሰፋው ሲወጥረኝ ተውኩት። ከዚያ ነገርኩት። ስለዚያች አንድ ስንዝር ስፌት፣ ሰምቼ ስለመዘግየቴ። «እኔም ሰልፍ ላይ ቆመሽ ሳትነሺ መመለስሽን ጠርጥሬ ነበር» አለ፣ «ግን ደስ ስላለኝ ማመኑን መረጥኩ። ተቻቻልን።»

በወደቅኩበት ጊዜ ሊያነሳኝ ሞክሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። አልሞከረም። ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ እጄን ይዞ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ቆየ። ያን ያህል ስፈራው ለከረምኩት ነገር መፍትሔው ይህ ብቻ ነው፤ መቀመጥ።

ማክሰኞ፣ በ10

ቤቴ ነኝ።

ልጄ አሸነፈች፤ በከፊል። የዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ያሉት ተከራዮች በሚመጣው ወር ይለቃሉ፤ እኛ እንወርዳለን። መስኮቱ ሥር ለመኪናዬ የሚሆን ቦታ አለ፤ ልጄ በሜትር ለክታ መጣች። የሕክምና ልምምድ የምታሠራን ሴትም በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ ለሁለታችንም፣ ሳይወድቁ መነሳትና መቀመጥ ታስተምረናለች። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ መቀመጥ ልማር ነው።

ዛሬ ግን አራት ፎቅ መውጣት ነበረብን። ልጄ ዕቃውን ይዛ ቀደመች። ሾፌሩ ከጎኔ ሆነ። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ደረስን፤ አልጮኸም። እየጠበቀ ነው፣ አውቄበታለሁ። አፌ እንቢ አለኝ። ጫማዬን አየሁ። ቁልፉን ልፈልግ ቦርሳዬን ነካሁ። ከዚያ ልሙት አልኩና፣ «ወራጅ አለ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። «ቆመናል!» አለ፤ ቆምን።

ሁለተኛው ላይም አልኩ። ራዲዮ በሯን ከፍታ አጨበጨበች።

ሦስተኛው ላይ ስንደርስ አልደከመኝም ነበር። እውነቴን ነው፤ የፊት ገጽ ላይ ቢጻፍም አላፍርበትም፤ ጠዋት ሲለካ ምቴ 62 ነው። እግሬ ሊቀጥል ተነሳ። ግን የደረጃውን ብረት አየሁት፤ የሱን እጅ። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ሲመላለስ የከረመ እጅ። አያያዙ ተለውጧል። ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ሊቀጥል ነው፤ ምንም አይልም።

«ወራጅ አለ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ቆመ። ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደከመሽ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ትንሽ» አልኩት፤ ጎንበስ ብዬም ጫማዬን አስተካከልኩ።